ፏፏቴው በየት በኩል ነው?

(ተራራ አናት ላይ ባለ ሐይቅ መሀል፣ ጠዋት፤ በአንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ የሎጁ አስጎብኚ ይበልጣል ከፊት መቅዘፊያ ይዞ፣ ባስ የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምዱ ከአዲስ አበባ የመጡት አቶ ልሳነወርቅ ከኋላው የማጥመጃ ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው።)

ይበልጣል፦ ይቁረጡት ጋሼ! በፈጠረዎት ክሩን ይቁረጡት!

ልሳነወርቅ፦ አልቆርጥም! ይሄን የሚያህል ባስ ይዤ? አብደሃል እንዴ?

ይበልጣል፦ ጉሙን አያዩትም? ከተራራው እየወረደ ነው። አሁኑኑ ካልተመለስን መንገዱ ይጠፋብናል።

ልሳነወርቅ፦ ጉም ነው፣ ጅብ አይደለም፤ አይበላህም። ቆይ፣ ቆይ፣ እየመጣልኝ ነው። መረቡን አቀብለኝ!

ይበልጣል፦ ሎጁ ጠፋ ጋሼ። አሁን ጣሪያው ይታየኝ ነበር፤ ጠፋ።

ልሳነወርቅ፦ መረብ አልኩህ! አንተ! መረብ! አትሰማም እንዴ? አይ! አይ! ወይኔ፣ በጠሰው!

ይበልጣል፦ እሰይ።

ልሳነወርቅ፦ እሰይ? እሰይ ነው ያልከው?

ይበልጣል፦ እሰይ ነው ያልኩት። አሁን ቁጭ ይበሉልኝ፤ ልቅዘፍ።

ልሳነወርቅ፦ የሰው ዓሣ አስጥለህ እሰይ ትላለህ! መረቡን ብታቀብለኝ ኖሮ አሁን ፎቶ እየተነሳሁ ነበር። ጠዋትም ስጠራህ ዝም አልከኝ። ሳወራህ ዘወር ብለህ አታየኝም። ንቀኸኝ ነው?

ይበልጣል፦ ኧረ ጋሼ፣ ምን ቆርጦኝ!

ልሳነወርቅ፦ በል ቁጭ ብያለሁ፤ ቅዘፍ። የት ነው ሎጁ?

ይበልጣል፦ ወዲያ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ወዲያ የት? ምንም አይታየኝም። የመቅዘፊያህ ጫፍ እንኳ አይታየኝም።

ይበልጣል፦ እስቲ አንዴ ዝም ይበሉልኝ፤ ጄኔሬተሩን ልስማ። ጉም ሲይዘን የምንመለሰው በሱ ድምፅ ነው።

ልሳነወርቅ፦ የትኛው ጄኔሬተር?

ይበልጣል፦ የሎጁ ነዋ። ጠዋት ጠዋት ሲያጓራ ሐይቁን ሙሉ ይሰማል።

ልሳነወርቅ፦ እሱማ አይጮህም።

ይበልጣል፦ ለምን አይጮህም?

ልሳነወርቅ፦ አስጠፍቼዋለሁ።

ይበልጣል፦ ምን አደረጉ?

ልሳነወርቅ፦ ዓሣውን ያስበረግገዋል ብዬ ነዋ! ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት። «እስክንመለስ እንዳታስነሱብኝ» አልኩት፤ «እርስዎ እንዳሉ» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው።

ይበልጣል፦ እስክንመለስ ነው ያሉት?

ልሳነወርቅ፦ እስክንመለስ።

ይበልጣል፦ እሱ ካልጮኸ እኛ እንዴት ነው የምንመለሰው?

ልሳነወርቅ፦ እኔ ምን አውቄ! አስጎብኚው አንተ ነህ!

ይበልጣል፦ የጀልባዋን ሞተርም እኮ ዓሣ ያባርራል ብለው አስፈትተውኛል። ሞተሩ ቢኖር እንኳ አንድ መላ ይኖረን ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ያየሁት ቪዲዮ ላይ እንደዚያ ነው የሚሉት! ባስ ጸጥታ ይወዳል ነው የሚሉት!

ይበልጣል፦ ይኸው ጸጥታ፤ ይጥገቡ።

ልሳነወርቅ፦ አትቆጣኝ። ስልክ ልደውል።

ይበልጣል፦ እዚህ ኔትወርክ የለም።

ልሳነወርቅ፦ እንጩሃ!

ይበልጣል፦ ይጩሁ።

ልሳነወርቅ፦ የሰው ያለህ! ኧረ የሰው ያለህ! ሰማህ? መለሱልን! የሆነ ሰው «የሰው ያለህ» አለ! እሱም ጠፍቶበታል መሰለኝ!

ይበልጣል፦ እርስዎ ነዎት ጋሼ። ገደሉ ነው ድምፅዎን የመለሰው።

ልሳነወርቅ፦ ማርያም ድረሽ! በገዛ ድምፄ ነው የፈራሁት? ቆይ፣ ይበልጣል። ያ ምንድን ነው?

ይበልጣል፦ የቱ?

ልሳነወርቅ፦ የሚያጉረመርመው። የጭነት መኪና ነው? በዚህ በኩል መንገድ አለ?

ይበልጣል፦ መንገድ የለም። ላይፍ ጃኬትዎን ጠበቅ ያድርጉት።

ልሳነወርቅ፦ ለምን አጠብቀዋለሁ? ምንድን ነው እሱ? ንገረኝ እንጂ!

ይበልጣል፦ ፏፏቴው ነው። ሐይቁ ሲሞላ የሚወጣበት። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው።

ልሳነወርቅ፦ ምን ያህል ገደል?

ይበልጣል፦ እሱን አይጠይቁኝ።

ልሳነወርቅ፦ ትናንት ማታ ራት ላይ ፎቶውን ያሳዩኝ? ያ ነጩ?

ይበልጣል፦ እሱው ነው።

ልሳነወርቅ፦ እኔ እኮ ሲያምር ብዬ ነበር! በስመአብ ወወልድ! ለምን ወደዚህ አመጣኸኝ?

ይበልጣል፦ እኔ ላምጣዎት? ከሸምበቆው አንራቅ አላልኩዎትም? «ትልልቁ ያለው መሀል ነው» አሉኝ። ከዚያ ዓሣው ያዘልዎት፤ እርስዎ እሱን ሲጎትቱ ውሃው እኛን ሲጎትት ቆየ።

ልሳነወርቅ፦ ውሃው ይጎትታል እንዴ? አሁንም እየጎተተን ነው?

ይበልጣል፦ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ሐይቁ ጢም ብሏል። ዝም ብለን ከተቀመጥን ይወስደናል።

ልሳነወርቅ፦ ድንጋዩን ጣለው! ጀልባ የምታስሩበትን!

ይበልጣል፦ እርስዎ ሲጮሁ ጥዬው ነበር። ገመዱ አለቀ፣ መሬት ግን አልነካም።

ልሳነወርቅ፦ ዋና ትችላለህ?

ይበልጣል፦ እችላለሁ። በዚህ ብርድ ግን ሩቅ አያስኬድም። እርስዎስ?

ልሳነወርቅ፦ እኔ ገላዬን የምታጠበው እንኳ እየፈራሁ ነው። ይበልጣል፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር አድርግ። እለምንሃለሁ።

ይበልጣል፦ አይነሱ! ጀልባዋን ይገለብጧታል። ያው ድምፁን ከጀርባችን አድርገን ከቀዘፍን ሸምበቆው ጋ እንደርሳለን። ሸምበቆ የበቀለው በሎጁ በኩል ብቻ ነው።

ልሳነወርቅ፦ እሺ። እሺ የኔ ጌታ። ቅዘፍ። እጅህን ይባርከው፣ ቅዘፍ።

ይበልጣል፦ እየቀዘፍኩ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ይበልጣል።

ይበልጣል፦ አቤት።

ልሳነወርቅ፦ ወዴት ነው የምትወስደኝ?

ይበልጣል፦ ወደ ሎጁ ነዋ።

ልሳነወርቅ፦ ድምፁ እኮ ከፊታችን ነው።

ይበልጣል፦ ከኋላችን ነው ጋሼ።

ልሳነወርቅ፦ ከፊታችን ነው እልሃለሁ! በጀልባዋ አፍንጫ በኩል!

ይበልጣል፦ ፍርሃት ነው እንደዚያ የሚያሰማዎት።

ልሳነወርቅ፦ አዎ ፈርቻለሁ! አልደብቅህም! ሽንቴም መጥቷል! ግን ደንቆሮ አይደለሁም!

ይበልጣል፦ እንደሱ አይበሉ።

ልሳነወርቅ፦ ምን አልኩ? ለምን መቅዘፍ አቆምክ?

ይበልጣል፦ ከየት በኩል ነው ያሉት?

ልሳነወርቅ፦ ከፊት፣ ትንሽ ወደ ግራ። ግራ ስልህ ምን በቀኝ ያዞርሃል? ይበልጣል። ይበልጣል! አሁን ምን አደረግኩ?

ይበልጣል፦ መቼ?

ልሳነወርቅ፦ አሁን። ከግራ ጆሮህ ሥር ጣቴን አንጣጣሁ። አልሰማህም?

ይበልጣል፦ ውሃው ሲንቦጫረቅ ነው።

ልሳነወርቅ፦ በውሃው አታሳብብ። በግራ ጆሮህ አትሰማም።

ይበልጣል፦ በቀኙ በደንብ እሰማለሁ።

ልሳነወርቅ፦ በግራው አትሰማም!

ይበልጣል፦ ልጅ ሆኜ ማጅራት ገትር ይዞኝ ነበር። እኔ ተረፍኩ፣ ጆሮዬ ቀረ።

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ በምን ታውቃለህ?

ይበልጣል፦ አላውቅም። ለኔ ሁሉም ነገር በዚህኛው ወገን ነው የሚመጣው። ጄኔሬተሩ ሲሆን አንገቴን አዙሬ አዙሬ፣ ጎላ ሲልልኝ እይዘዋለሁ። ይሄን ግን ገደሉ ሁሉ ይመልሰዋል። የትም ብዞር ያው ነው።

ልሳነወርቅ፦ እና እስካሁን በምን ስትቀዝፍ ነበር?

ይበልጣል፦ በግምት።

ልሳነወርቅ፦ በግምት! የኔን ነፍስ በግምት! ሎጁ ያውቃል ይሄን?

ይበልጣል፦ ቢያውቁማ ማን ጀልባ ይሰጠኛል?

ልሳነወርቅ፦ ከዚህ ብወጣ አስባርርሃለሁ! ሰማህ? ዛሬውኑ ነው የማስባርርህ!

ይበልጣል፦ ይውጡና ያስባርሩኝ። ለመውጣት ግን እርስዎ ይስሙልኝ።

ልሳነወርቅ፦ እኔ?

ይበልጣል፦ በዚህች ጀልባ ላይ ሁለት ጆሮ ያለው እርስዎ ብቻ ነዎት።

ልሳነወርቅ፦ አልችልም። ድምፁ ያስጠላኛል። ኮፍያዬን ጆሮዬ ድረስ ያወረድኩት እሱን ላለመስማት እኮ ነው።

ይበልጣል፦ ያውልቁት።

ልሳነወርቅ፦ ተወኝ እባክህ።

ይበልጣል፦ ያውልቁት ጋሼ! እየተወሰድን ነው!

ልሳነወርቅ፦ እሺ፣ አወለቅኩ። ወይኔ አምላኬ፣ ሁሉም ቦታ ነው! ሁሉም ቦታ ይጮሃል!

ይበልጣል፦ ዓይንዎን ይጨፍኑ።

ልሳነወርቅ፦ ስጨፍን ይብስብኛል። ስወድቅ ነው የሚታየኝ።

ይበልጣል፦ ግድ የለም፣ ይጨፍኑ። ይኸው እጄ፣ ይያዙኝ። ቀስ ብለው ፊትዎን ያዙሩ። ገደሉ የሚመልሰው ቀጠን ይላል፤ የራሱ ወፍራም ነው። ወፍራሙን ይፈልጉልኝ።

ልሳነወርቅ፦ ልቤን ብቻ ነው የምሰማው።

ይበልጣል፦ እሱም ይምታ። ይለፉት።

ልሳነወርቅ፦ ዝም በል እስቲ። ይሄኛው ቀጭን ነው። ይሄም ቀጭን ነው። ይሄ... ይበልጣል!

ይበልጣል፦ አቤት!

ልሳነወርቅ፦ ይሄኛው ደረቴ ውስጥ ይገባል። መቀመጫዬን ሳይቀር ያንዘፈዝፈዋል። እዚህ ጋ፤ ቅድም ባልኩህ በኩል።

ይበልጣል፦ እኔ ሎጁ ነው ብዬ የምቀዝፍበት እኮ ነው።

ልሳነወርቅ፦ አውቃለሁ።

ይበልጣል፦ በገዛ እጄ ወደ ገደሉ ስወስድዎት ነበር ማለት ነው።

ልሳነወርቅ፦ አውቃለሁ አልኩህ!

ይበልጣል፦ እርግጠኛ ነዎት?

ልሳነወርቅ፦ አይደለሁም! ዕድሜዬን ሙሉ ሶፋ ስሸጥ ነው የኖርኩት! ፏፏቴ በየት በኩል ነው ብሎ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም! አዙራት። አዙራትና ቅዘፍ!

ይበልጣል፦ አዞርኳት። እጅዎን ትከሻዬ ላይ ያድርጉ። ወደ ቀኝ ሲፈልጉ ቀኙን፣ ወደ ግራ ሲፈልጉ ግራውን ይጫኑኝ። በአፍ አይንገሩኝ፣ ሊያመልጠኝ ይችላል።

ልሳነወርቅ፦ እሺ። ሂድ። ሂድ።

ይበልጣል፦ ቀነሰ?

ልሳነወርቅ፦ ቆይ።

ይበልጣል፦ ቀነሰ ወይ?

ልሳነወርቅ፦ ጨመረ መሰለኝ። ይበልጣል፣ ጨመረ! ተሳስቻለሁ! መልሳት!

ይበልጣል፦ አልመልስም።

ልሳነወርቅ፦ ልንሞት ነው እኮ! መልሳት ስልህ!

ይበልጣል፦ እዚያና እዚህ እያልን ከዋልን ነው የምንሞተው። ቅድም ዓይንዎን ጨፍነው ሰምተዋል፤ አሁን ፈርተው ነው። እኔ የማምነው የቅድሙን ነው።

ልሳነወርቅ፦ እኔን አምነህ ብትሞትስ?

ይበልጣል፦ እኔን አምነው ነው አይደል እርስዎ የወጡት? ይጨፍኑ። ወፍራሙ የት ነው?

ልሳነወርቅ፦ ከጀርባዬ። ከጀርባዬ ነው።

ይበልጣል፦ ታዲያ ይጫኑኝ እንጂ ትከሻዬን!

ልሳነወርቅ፦ እንደሱ። አሁን ቀጥ በል። የመቅዘፊያው መያዣ ላይ ያየሁት ደም ነው?

ይበልጣል፦ እጄ ነው፤ ተልጧል። ይተዉት።

ልሳነወርቅ፦ ልጅ አለህ?

ይበልጣል፦ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። እባክዎ አሁን እሷን አያንሱብኝ።

ልሳነወርቅ፦ ይቅርታ። ወደ ግራ። እንደገና ወደ ግራ። ይበልጣል፣ ሳሳ።

ይበልጣል፦ ምኑ?

ልሳነወርቅ፦ ድምፁ። ሳሳልኝ። እውነቴን ነው፣ ሳሳ!

ይበልጣል፦ ሲመኙት እንዳይሆን።

ልሳነወርቅ፦ አይደለም! ደረቴን ለቀቀኝ። ኡኡ! ያዘኝ! አንድ ነገር ክንዴን ያዘኝ!

ይበልጣል፦ የቱ ጋ?

ልሳነወርቅ፦ እዚህ! ይቧጭረኛል! ጀልባዋንም ይዟታል! አዞ ነው?

ይበልጣል፦ ጋሼ።

ልሳነወርቅ፦ ምታልኝ በመቅዘፊያው!

ይበልጣል፦ ጋሼ፣ ሸምበቆ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ምን?

ይበልጣል፦ ሸምበቆ ነው! ሸምበቆ! ደርሰናል! ይያዙት!

ልሳነወርቅ፦ ይዤዋለሁ። እጄን ቢቆርጠኝም አልለቀውም።

ይበልጣል፦ ይውረዱ እንግዲህ። ውሃው እዚህ ጉልበት አይደርስም። አይዞዎት፣ ልደግፍዎት። ያውልዎት መሬቱ።

ልሳነወርቅ፦ ቁጭ ልበል። እዚሁ ጭቃው ላይ ቁጭ ልበል።

ይበልጣል፦ እያለቀሱ ነው?

ልሳነወርቅ፦ አዎ፣ እያለቀስኩ ነው፤ ምን ይጠበስ? አንተስ?

ይበልጣል፦ እኔም።

ልሳነወርቅ፦ ና ወዲህ። በቀኝህ በኩል ሆኛለሁ፣ ትሰማኛለህ?

ይበልጣል፦ እሰማዎታለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ስለ ጆሮህ ለማንም አልናገርም። አስባርርሃለሁ ያልኩት ደንግጬ ነው። ጉም ያዘን፣ ይበልጣል ጎበዝ ልጅ ነው አወጣኝ እላለሁ። አለቀ።

ይበልጣል፦ አይበሉ።

ልሳነወርቅ፦ እንዴት አልል? እንጀራህ እኮ ነው! ልጅ አለችህ!

ይበልጣል፦ ነገ ሌሎች እንግዶች አሉብኝ፣ ባልና ሚስት። እርስዎ ዝም ካሉልኝ ይዣቸው መውጣቴ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ነገ ጉም ላይኖር ይችላል።

ይበልጣል፦ ለሎጁ ሰዎች እኔው እነግራቸዋለሁ። አሁን እንደደረስን፣ ሳልቀመጥ እነግራቸዋለሁ። የብስ ላይ ሥራ ከሰጡኝ እሠራለሁ፤ ካልሰጡኝም እሄዳለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ምን ነካህ አንተ? ተርፈናል እኮ! መሬት ላይ ነን እኮ! እስቲ አዳምጥ፣ ፏፏቴው ጭራሽ ከዚህ አይሰማም።

ይበልጣል፦ ለእርስዎ ነው ጋሼ። እኔማ በማይሰማው ጆሮዬ እየጮኸብኝ ነው።