ዘይት የምትበላው መኪና

የማሠልጠኛ መኪናዬ ፍሬን ባያፏጭ ኖሮ ያን ቀን ጋራዡ ደጃፍ ባልደረስኩ፣ ይህንንም ጉድ ባላየሁ ነበር። ሥራዬ መንዳት ማስተማር ነው። ተማሪዎቼ ያለ ምክንያት ፍሬን ስለሚረግጡ ሸራው ቶሎ ያልቃል፤ እኔም ከዘመድ ቤት ይልቅ ጋራዥ አዘወትራለሁ።

ባለጋራዡን ሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» ይላቸዋል። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡና «ሦስተኛው ፒስተን ታሟል» ብለው ይፈርዳሉ። ብዙ ጊዜም ልክ ናቸው። ክፋቱ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ልክ የሆነ ሰው የተሳሳተ ቀን ደፍሮ የሚነግረው አያገኝም። ከመግቢያው ትይዩ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈበት የቆርቆሮ ሰሌዳ ሰቅለዋል፦ «ከዚህ የወጣ መኪና ዘይት አይበላም።»

ስገባ መሃል ላይ አንዲት ዝቅ ያለች ቢጫ የስፖርት መኪና ቆማለች። አወቅኳት። የጋሽ ጆሮ ታናሽ ወንድም፣ የመሬት ቀያሹ መኪና ነበረች። ከዓመታት በፊት እዚሁ ጋራዥ ገብታ ከወጣች ብዙም ሳትቆይ ሞተሯ ነደደ። ጋሽ ጆሮም ፍሬን ሊያሠራ ለመጣው ሁሉ «ወንድሜ እንደ እብድ ነድቶ አቃጠላት» ብለው አወሩ። ቀያሹ በእፍረት እግሩን ከጋራዡ አነሳ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ዓመታት አለፉ፤ ባለፈው ክረምት ታናሽየው ሞተ። በቀብሩ ላይ ጋሽ ጆሮ ከሰው ርቀው ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

አሁን መኪናዋ አጠገብ የቆመችው የሟቹ ልጅ ናት። የማሽን ምህንድስና ተምራ በአንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ትሠራለች። «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። ክርክሩ ተጀምሮ ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም።

«ልጄ፣ ይቺ የስፖርት መኪና ናት» ይላሉ ጋሽ ጆሮ። «የስፖርት መኪና መጀመሪያ መተንፈስ አለባት። ጭሱ እንደልብ የሚወጣበት ሰፊ ማርሚታ እሠራላታለሁ፤ የውሃውን መንገድ የሚያንቀውን ቴርሞስታት አውጥቼ እጥለዋለሁ። ከዚያ መንገድ ላይ ማን ይደርስብሻል?»

«አጎቴ፣ በእጅዎ አልጠራጠርም። ግን ጉልበት ከመጨመራችን በፊት ያላትን እናድንላት። ይህን ሞተር የሚገድለው ሙቀት ነው።»

«ለዚያ አይደል እንዴ ቴርሞስታቱን የማወጣው? ስንቱን ግሎ የመጣ መኪና በዚሁ አዳንኩ!»

«በሌላው መኪና ሆኖልዎት ይሆናል። በዚህች ግን ቴርሞስታቱ ሲወጣ እሱ ይዘጋው የነበረው የጎን መንገድ ክፍት ይቀራል። ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ እንደጋለ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ማርሚታውም ቢሆን፣ ጭሱ በቀላሉ ሲወጣ በጭሱ ኃይል የሚዞረው ቱርቦ ወደ ሞተሩ ከልክ በላይ አየር ይገፋል፤ ቤንዚኑ ግን ያው የፋብሪካው ልክ ነው። ያኔ እሳቱ ያለ ጊዜው ይፈነዳና ሞተሩን ከውስጥ ይሰብረዋል።»

«ታዲያ አንቺ ምን ልታደርጊላት ነው? ልትጸልዪላት?»

«ጸሎቱ አይከፋም» አለች ፈገግ ብላ። «ግን በመጀመሪያ ጥሩ ራዲያተር እናስገባላት። ይህ ፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ በሙቀት ደርቋል፤ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰነጠቀው፤ በአሉሚኒየም እንቀይረው። የውሃ ቱቦዎቹን በአዲስ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እውነተኛ የሙቀት ጌጅ።»

«ጌጅማ አላት!»

«አላት፤ ግን ይዋሻል። መርፌው አንዴ መሃል ላይ ከቆመ ሙቀቱ ቢጨምርም አይነቃነቅም። ሲነቃነቅ ነገሩ አብቅቷል።»

ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴያቸውን አነሱ። «የእኔ ጌጅ ይህ ነው! ጆሮ የሌለው ሰው ጌጅ ይግዛ!»

«ጋሼ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው» አልኩ ጣልቃ ገብቼ።

«አንተ ፍሬንህን ጠብቅ» አሉኝ።

ጠበቅኩ። ቢሆንም አስተማሪ ነኝና ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ለአንባቢ ልናገር። ማርሚታ ሲጮኽ ሰፈር ይሰማዋል። ጥሩ ራዲያተር ግን ማንም አይሰማውም። የእኛ ሰው ደግሞ የሚሰማለትን ነገር ይወዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጩኸቱን ይገዛል፣ ኋላ ሞተሩን ያስጎትታል።

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ፣ ሌላ ጋራዥ አጥቼ አይደለም። አባቴ ሊሞት ሲል ‹ሞተሩን አስቀይሪና መጀመሪያ ወንድሜ ይስማው› አለኝ። አስቀየርኩት። አደራውን ላደርስ ነው የመጣሁት፤ ሁለተኛ ሞተር ልቀብር አይደለም።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ካቻቢቴያቸውን አስቀምጠው «እሺ» አሉ። «ራዲያተሩም ይግባ፤ ጌጁም ይግባ። ማርሚታው ይቆይ።» ከዚያ ኮፋኖው ስር ጎንበስ ብለው ሲያዩ ዓይናቸው አንዲት ቀጭን ቱቦ ላይ አረፈ። «ይህን ግን አልምርም። ይቺ ቱቦ ዘይት ወደ እሳቱ ትጨምራለች። እዘጋታለሁ።»

«አይዝጓት። መኪናዋ የተሠራችው ዘይት እንድትበላ ነው። ፒስተን የላትም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው ውስጧ የሚሽከረከረው። በየማዕዘኑ ጫፍ ግድግዳውን እየታከከ የሚዞር ስስ ብረት አለ። እሱን የምታርሰው ይቺ ቱቦ ናት። የኛ ድርሻ ቤንዚን በቀዳን ቁጥር ዘይቷን ማየት፣ ከጎደለም መጨመር ነው።»

«ዘይት የሚበላ ሞተር የታመመ ሞተር ነው። ሰሌዳውን አላየሽም? አለቀ!»

ልጅቷ ከመኪናዋ ውስጥ አንድ ትንሽ የቆርቆሮ ጣሳ አመጣችና ከጣት የማይረዝም ስስ ብረት አውጥታ ሰጠቻቸው። «እስቲ ይህን ይዩልኝ። ምን ገደለው?»

ጋሽ ጆሮ እጃቸውን ጠርገው መነጽራቸውን አደረጉ። ብረት ማንበብ ያውቁበታል። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳበሱት፣ ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ድምፃቸውም የክርክር መሆኑ ቀረና የሙያ ሆነ።

«ጥማት ነው የገደለው። ይህ ጭረት ይታይሻል? እዚህ ጋ የጠቆረው? ዘይት ሳያገኝ በደረቁ የተፋተገ ነው። ነጂው ምንም አላጠፋ። ይህን የሠራው መካኒክ እጁ ይቆረጥ!»

«የአባቴ ሞተር ነው» አለች። «ሲፈታ ያስቀረው ይህንኑ ብቻ ነው። እኔ የዘይት ፓምፑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ጋሽ ጆሮ ብረቱን እንደያዙ በተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ገባኝ፤ እሷ ግን ገና አልገባትም፤ ትጠብቃለች።

«ፓምፑ አልተበላሸም» አሉ በመጨረሻ። «ቱቦዋን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ለአባትሽም ሳልነግረው።»

«ሞተሩ ሲነድስ አልጠረጠሩም?»

«ጠረጠርኩ። ቀና ስል ሰሌዳው ታየኝ። ዝም አልኩ፤ ስቆይ ውሸቴን ራሴም አመንኩት።» ቀጥለውም እንደ ልጅ ፈራ ተባ እያሉ ጠየቁ፤ «አባትሽ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም። ‹የወንድሜ ጆሮ አይሳሳትም፤ እኔው ነኝ ያጠፋሁት› ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ሰው ሲስቅበትም አብሮ ይስቅ ነበር።»

እውነት ለመናገር በዚያች ሰዓት አላዘንኩላቸውም። ተናደድኩባቸው። አንድ ጨዋ ሰው ባልሠራው ጥፋት አፍሮ ኖሮ አፍሮ ተቀበረ፤ ለአንድ ቆርቆሮ ክብር ሲባል! አለማወቅ ኃጢአት አይደለም፤ ቱቦውን ሲዘጉ አላወቁም ነበር። ከጠረጠሩ በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለታቸው ነው ወንድማቸውን የበላው።

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ይነሱ አጎቴ፤ ራዲያተሩን እናውርድ» አለች።

«ከእንግዲህ እጄን ታምኛለሽ?»

«እጅዎን አምናለሁ። ሰሌዳውን ግን አላምነውም።»

ተነሡ፤ መሰላል አስጠግተው ሰሌዳውን አወረዱት።

ሥራው አልቆ ሞተሩ የተነሳ ዕለት እኔም ነበርኩ። ጥቅሙን ለሚጠራጠር ያየሁትን ልንገር። ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ የአዲሱ ጌጅ መርፌ ከቦታው ብዙ አልራቀም፤ ቢርቅም እንደ አሮጌው አይደብቅም፤ ነጂው በጊዜ ይቆማል። አዲሱ ማጠራቀሚያ አይሰነጠቅም፤ ዘይቷም እየታየ ይሞላል። ሞተሩ ጤና ካገኘ ማርሚታው ኋላ ቤንዚኑ ተስተካክሎለት ይመጣል፤ መሮጥ ዕድሜ ላለው ነው። ጋሽ ጆሮም አሁን የማያውቁትን ቱቦ ከመዝጋታቸው በፊት ይጠይቃሉ፤ ለመጣው ሁሉም «ወንድሜ አላጠፋም፤ እኔ ነኝ» ይላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ለቀጣዩ ባለመኪና ይጠቅማል።

ያን ዕለት ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ልጅቷ ካቻቢቴውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። «አደራዬ ነው። ይስሙት።»

እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ጤነኛ ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ወንድማቸው የሚገባ ይመስል ወደ በሩ ዞሩ፤ ደጃፉ ላይ ማንም አልነበረም። «አሁን ይህን ለማን ልንገረው?»

ልጅቷ የዘይት መለኪያውን መዝዛ አየች፤ ትንሽ ጎድሎ ነበርና ጨመረች።