ጋሼ ጆሮ ያልለቀቋት ፒካፕ

ወዳጆቼ፣ የጡረታ ሽኝት ነውና ቶሎ ቶሎ ልናገር። ጋሼ ጆሮ ተቀምጠው ማዳመጥ እንደማይሆንላቸው ታውቃላችሁ፤ ይኸው ወንበራቸውን ከአሁኑ ወደ በሩ አስጠግተዋል!

መጀመሪያ ወደ ጋራዣችን የመጡ ቀን ጸሐፊያችን "ሥራ አስኪያጁ ከምሳ እስኪመለሱ አረፍ ይበሉ" አለቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ሲመለሱ ወንበሩ ባዶ ነው። ግቢ ውስጥ የቆመችው የሥራ አስኪያጁ መኪና ግን ኮፈኗ ተከፍቷል።

"ማነህ አንተ?"

"አዲሱ መካኒክ ነኝ።"

"ማን ቀጠረህ?"

"እስካሁን ማንም።"

ምሳቸውን ቆመው ነው የሚበሉት። ከኪሳቸው የማትጠፋዋን ቁራጭ ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ሞተር ላይ አድርገው ሲዞሩ ይውላሉ፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ቅድም ምን አሉኝ? "ቴሌቪዥን እንኳ ቆሞ ነው የሚያየው። ከነገ ጀምሮ ምን ይውጠኛል?"

አሁን ግን የምር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን አጠገባቸው ነበርኩ።

አንዲት አዋላጅ ነርስ አሮጌ ፒካፕ ይዛ መጣች። መኪናዋ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ስንት እጅ እንደገባባት እንጃ፣ አየር የሚስቡት የቫኪዩም ቱቦዎቿ አንዱ በሌላው ቦታ ተሰክተዋል። ጋሼ እያንዳንዱን ከመነሻው ተከትለው ወደ ቦታው መለሱት። ሞተሩ ረጋ አለ። ሴትየዋ ደስ ብሏት ገብታ ተቀመጠች፤ ጋሼ ግን መኪናዋን መዞር ጀመሩ።

"የሆነ ነገር ያፏጫል።"

እኔ ምንም አልሰማሁም።

"እስቲ ፍሬን ርገጪ።" ረገጠች። "ቁልፉን ስጪኝ!"

"እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ በር ላይ እየጠበቀችኝ እኮ ነው!"

"ተቆጪኝ፤ አልለቅሽም።" ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ገና ሲነኩት እጃቸው ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ያለ እሱ ፍሬኑ በደንብ አይዝም፤ የሆስፒታሉ መንገድ ደግሞ ቁልቁለት ነው። ሴትየዋ ቱቦውን ስታይ እንባዋ መጣ።

"አንተ ሂድና እናቷን አምጣ" አሉኝ። አመጣኋቸው። እናትየው ጋሼን ወዲያ ወዲህ ሲሉ አይተው፣ "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አይቀመጥም እንዴ?" አሉ።

"እናቴ፣ እርስዎ ቤትዎ ሲገቡ እቀመጣለሁ።"

አዲስ ቱቦ አስገብተው፣ መኪናዋን ራሳቸው ነድተው ፍሬኑን ሞክረው፣ ቤት ስትገቡ ደውሉልኝ ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ስልኩ አጠገብ እንደቆሙ ቀሩ። ሲደወል ሮጠው አነሱ። "ገባችሁ? እሰይ!" አሉና፣ አይቼ በማላውቀው ሁኔታ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይሄን ሰሞን እኔም ዕረፍት አጥቻለሁ። መኪና ከግቢ በወጣ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወጣል። "ሞተሩ ተነሳ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም" ያሉን እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልን። በዚህ ከተማ ስንቱ ሰው ስምዎን ሳያውቅ በእጅዎ በሰላም ቤቱ ገብቷል። እኛ ግን እናውቃለን።

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ለእትዬ ትዕግሥቱን ያብዛላቸው፤ ለእርስዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ የልጅ ልጅ የሚያስቅ እርጅና ይስጥዎት። ለጋሼ!