ካርታው የማያውቀው ቀብር

ጎሚስታው ከማሉዲን አውቶቡስ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ የሚጀምር ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን አዋሽ ላይ ለምሳ ወርደው ሲመለሱ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ወጣት አንድ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ሕፃን አቅፋ አገኛት። ቱቦው በየመታጠፊያው ጎኑን ሲደቁሰው ትዕግሥቱ አለቀ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ጠመንጃ ነው ወይስ የውሃ ቧንቧ?»

«ይቅርታ አባባ፣ ካርታ ነው» አለች እየሳቀች። ቱቦውን ወደ መስኮቱ አዞረችው። «የሠመራ መሪ ፕላን እየተከለሰ ነው፤ ይኼ ረቂቁ ነው። ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው። ውባየሁ እባላለሁ፤ የመምህር ሣህሌ ልጅ።»

ከማሉዲን መምህር ሣህሌን ያውቀው ነበር። ሠመራ ላይ ሃያ ዓመት አስተምሮ፣ ሲሞት አስከሬኑ ተጭኖ ወደ መንዝ ሄዷል። «ነፍስ ይማር» አለ።

«ሐሙስ የነዋሪዎች ምክክር አለ» አለች ውባየሁ። «እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለናል።»

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ? ይኼ የባለ አገሩ ጉዳይ ነው።»

«ሠመራ ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ሃያ ስድስት። ግን ለጊዜው ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት «ለጊዜው» እያለ የኖረ ሰው ምን እንደሚባል እንጃ። ደግሞ ከማሉዲን ብቻውን አልነበረም። ከደጋ የመጣው ጸሐፊ ዝውውሩን ይጠብቃል፤ ከወሎ የመጣው ባለሱቅ «ዘንድሮ ብቻ» ይላል። ከተማዋ ሻንጣቸውን ባልፈቱ ሰዎች ተሞልታለች። ስብሰባ ሲጠራ ሁሉም ጎረቤቱን ያያል፤ ጎረቤቱም እንደ እሱ መንገደኛ ነው።

ከማሉዲን የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ልጅ ነው። ጎማ እየፈታ፣ በዚያ ሐሩር ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ልቡ ግን ጠዋት ከውሃው ላይ በሚነሣው ጉም ውስጥ ትዋኛለች። የእርጥብ ሣር ሽታ ይናፍቀዋል። ናፍቆቱን ለማንም አይናገርም፤ ብቻ ዝናብ ያለበት አገር ስም በሬዲዮ ሲጠራ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል።

«ይስሙኝ አባባ» አለች ውባየሁ፤ «ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራን። የመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። የሚኖርበት ሰው ካልነገረን ከተማውን በግምት ልንሥል ነው።»

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪገባ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» አላት። «እንግዳ ሰው በሰው ቤት ‹ምሰሶው ወዲህ ይምጣ› አይልም። ነውር ነው። ደግሞም ዝም አይነቅዝም።»

«በሽታውን የደበቀም መድኃኒት የለውም» አለች።

መልሱ ፈጠነበት። የመምህር ልጅ መሆኗ ትዝ አለውና ፈገግ አለ።

«ሞኝ አትሁኚ። እናንተ ጨርሳችሁ ነው የምትጠሩን። ለጭብጨባ።»

«እውነትዎን ነው፤ እንደዚያ የሆነበት ጊዜ አለ» አለች ሳትከራከር። «ይኼ ግን ገና አልጸደቀም። ይዩት እስቲ።»

ገዋኔን እንዳለፉ ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋችው። ከማሉዲን ካርታ አንብቦ አያውቅም፤ ነገር ግን የጅቡቲን መንገድ በጣቱ ይዞ ከሎግያ ተነሣና ነዳጅ ማደያው ጋ ደረሰ። የራሱን ሱቅ ሲያገኝ እንደ ሕፃን ደስ አለው። ከዚያ ጣቱ ከማደያው ጀርባ ወዳለው ግራጫ ቀለም ሄደና ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የከባድ መኪና ማቆሚያ። ለእርስዎማ ሲሳይ ነው፤ መኪናው ሁሉ ደጅዎ ሊያድር ነው።»

ከማሉዲን እጁን ከካርታው ላይ አነሣ። ፊቱ ልውጥ ብሎ ነበር።

«ልጄ፣ ሐጂራ እዚያ ናት።»

«ማን?»

«ባለቤቴ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አላህ ይዘንላት።»

ሐጂራ ታማ በተኛች ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለምናው ነበር፤ ሐይቅ አድርሰኝ ብላ። አደርስሻለሁ ብሎ ምሎላት ነበር። ግንቦት ላይ ሞተች። በዚያ ሙቀት ጀናዛ አይጠብቅም፤ ሳይመሽ ከማደያው ጀርባ ቀበሯት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማሉዲን «እዚህ ነኝ» ካለ ቃሉን ያጠፈ እየመሰለው፣ የድሮውን «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አልተወውም።

«ቀብር መሆኑን ማንም አልነገረንም» አለች ውባየሁ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ሥዕሉ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ነው። ከላይ ሲታይ ድንጋይ ብቻ ነው።»

«አርባ ሦስት ሰው ነው ያለው! ሁለቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው። ከጠረፉ ከገላፊ ሲመለሱ መሞታቸውን እንጂ የት እንደተኙ ቤተሰባቸው አያውቅም። የትኛው ድንጋይ የማን እንደሆነ የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብንቀር ነው።» ወዲያው ክንዷን ያዘ። «በእናትሽ፣ እርሳስ የለሽም? አሁን ሰርዢው።»

«እችላለሁ። ግን እኔ ብቻዬን የሰረዝኩትን ነገ ሌላው ብቻውን ይመልሰዋል። እርስዎ በሰው ፊት ከተናገሩት ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፤ ምስክር ይኖረዋል። ስብሰባው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።»

ከማሉዲን አዳይቱን እስኪያልፉ ግራጫውን ቀለም ሲያይ ቆየ። ሚሌ ሲደርሱ ነው ውባየሁ ራሷ የተናገረችው።

«አባቴ ማታ ማታ ‹ይኼ ትምህርት ቤት ዛፍ ቢኖረው› ይል ነበር። ስብሰባ ሲጠራ ግን ‹ዝውውሬ ደርሷል› ብሎ ይቀራል። ዝውውሩ ሳይመጣ ሞተ። ልጆቹ ዛሬም በፀሐይ ይቃጠላሉ። እኔ የተወለድኩት ሠመራ ነው፤ መንዝ መቃብሩ ጋ ስሄድ ብርዱ ያሳምመኛል። አባቴ የናፈቀው አገር የእኔ አይደለም። የእኔን አገር ደግሞ እናንተ ‹ለጊዜው› ትሉታላችሁ። ታዲያ እኔ የማን አገር ሰው ነኝ?»

ይኼ ከማሉዲንን አንጀቱን በላው። ስለራሱ ናፍቆት እንጂ በእሱ ናፍቆት ስላደጉት ልጆች አስቦ አያውቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ወደ አዳራሹ ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ሊነሣ ብሎ ተወው። በሦስተኛው ተነሣ።

«ከማሉዲን እባላለሁ፤ የሐይቅ...» አለና አቋረጠው። «የሠመራ ነዋሪ ነኝ። ያ ማቆሚያ ያላችሁት ቦታ የእኛ የመጤዎቹ ቀብር ነው። ባለቤቴ እዚያ ናት። ማቆሚያው ከዚያ ሲሄድ የእኔ ሥራ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፤ ይቀዝቅዝ። በሐጂራ ላይ ተሳቢ አይቆምም።»

ከፊት የተቀመጡት የአፋር ሽማግሌ ኡበይዳ ዱላቸውን ተደግፈው ዞሩ።

«ከማሉዲን፣ እኛ ቦታውን እናውቃለን። ግመል እንኳ በዚያ አንነዳም። ግን ባለ ሬሳው ዝም ሲል እኛ ምን ብለን እንናገር? አንድ ቀን አንሥተው ወደ አገራቸው ሊወስዱ ይሆናል ብለን ነበር። ዛሬ ነገርከን፤ ከዛሬ ጀምሮ የእኛም ነገር ነው።»

ይገርማል። እንግዳው ለባለ አገሩ አክብሮት ዝም አለ፤ ባለ አገሩም ለእንግዳው አክብሮት ዝም አለ፤ በሁለቱ ጨዋነት መካከል መኪና በሬሳ ላይ ሊቆም ነበር። መከባበር ጥሩ ነው፤ አፍ የሌለው መከባበር ግን ከተማ አይሠራም።

አንዴ አፍ ከተከፈተ ማን ይዘጋዋል! ሻይ ቤት ያላት ኸሊዳ ተነሥታ፣ መኪና የሚቆምበት ሁሉ ለሴት የሚሆን ሽንት ቤትና ጥላ ይኑረው አለች። ኡበይዳ አዲሱ ትምህርት ቤት የተሣለበት ቦታ በክረምት የጎርፍ መውረጃ መሆኑን በዱላቸው ካርታው ላይ አሳዩ፤ መሐንዲሶቹ ተያዩ። ውባየሁም የአባቷን ዛፎች በአባቷ ስም አስመዘገበች። ማቆሚያው ወደ ሚሌ መውጫ እንዲሄድ፣ ቀብሩ ታጥሮ ካርታው ላይ እንዲሰፍር ተስማሙ፤ የሾፌሮቹም ስም ተጻፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ የተነጋገሩ ሰዎች የሰማዩ ፎቶ ያላየውን ይህን ሁሉ አዩ። ሐሙስ ዕለት የቀረ ሰው ካለ፣ ቤቱ በጎርፍ መንገድ ላይ እንዳልተሣለ በምን ያውቃል?

በሁለተኛው ሳምንት ውባየሁ ከቀያሾች ጋር መጥታ በቀብሩ ዙሪያ ችካል አስመታች። ከማሉዲን እያንዳንዱን ድንጋይ በስሙ እየጠራ አብሮ ዞረ። ሐጂራ ጋ ሲደርሱ ቆመና ችካሉን አየው።

«ይኼን ትንሽ ወደዚያ አርቁት» አለ።

«ለምን ጋሽ ከማሉ? እትዬ ሐጂራ እኮ በደንብ ገብተዋል።»

«እሷማ ገብታለች» አላት። «እኔ ነኝ ያልገባሁት።»