ክፍሉ ውስጥ ጠይቂኝ

ዓርብ፣ ሰኔ ሃያ አንድ ቀን። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ከብዷል፤ ይዝነብ አይዝነብ ገና አልቆረጠም። በስብሰባ አዳራሹ ሥራ አስኪያጃችን፣ ፕሮግራመሮቹና ዲዛይነሯ ተገኝተዋል። ከክሊኒኮች ደግሞ እንግዳ ተቀባዮች በስክሪኑ ላይ አሉ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ደክማችሁ ይህን የስንብት ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ወንበርም አዘጋጅታችኋል፤ ግን ቆሜ ብናገር ይሻለኛል። ከተቀመጥኩ፣ ቻታችንን የያዘው ሰርቨር ወድቆ ይሆን እያልኩ ስልኬን መነካካቴ አይቀርም። አትሳቁ፣ ታውቁኛላችሁ።

እኔም እንደነዚህ እህቶቼ የክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። አንድ ቀን በቀጠሮ መያዣ ሶፍትዌራችሁ ላይ የታካሚዎቹ ሁሉ ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ተደራረበብኝ። የፕሮጀክቱ ቻት ውስጥ ገባሁና አንዱን ፕሮግራመር በግል ጠየቅሁት። ሁሉን ሳይመረምር ስለማይፈርድ ዳኛው የምንለውን ማለቴ ነው።

"እህቴ፣ ክፍሉ ውስጥ ጠይቂኝ" አለኝ።

ኩራት መሰለኝ። ለካ ደንባችሁ ነው። በግል የተሰጠ መልስ እዚያው ይቀራል፤ ሁሉም በሚያነበው የቻት ክፍል ውስጥ የተጻፈ ግን ነገ ለሚመጣውም ይተርፋል። ለእኔ ተረፈኝ። ዛሬ የያዝኩትን ሰርቨር የመጠበቅ ሥራ ማንም አስቀምጦ አላስተማረኝም። ከእኔ በፊት ሌሎች ጠይቀው የተመለሰላቸውን እየለቃቀምኩ ነው የተማርኩት።

ከዚያ የቻቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ የቆዩ መልእክቶችን እዘጋለሁ አለ። እኛም ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በራሳችን ሰርቨር የምናስቀምጠው ቻት እንምረጥ አልን። መረጥን እንዴ? ተከራከርን እንጂ። አንዱ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ይነጋገራል፣ ግን ለአሮጌው ማሽናችን ይከብዳል። ሌላው ቀላል ነው፣ ግን ሳትኖር የተባለውን አያሳይህም። ዳኛው ላልተወለደውም እንከን አወጣለት።

"ወንድሜ፣ ሚስት እየመረጥክ ነው?" አለችው ዲዛይነሯ።

"ሚስትማ ስሳሳት ትነግረኛለች" አላት።

በመጨረሻ ወሬውን ርዕስ በርዕስ የሚለየውን፣ ማንም ሳይመዘገብ ሊያነበው የሚችለውን መረጥን። ለምን እሱን እንደመረጥን ዛሬ የሚያስታውስ አለ? የለም። የቆዩትን ጥያቄዎች ሁሉ አውጥተን ወደ አዲሱ ቻት ስናሻግር፣ ክርክራችንን ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን እዚያው በሚዘጋው ቻት ውስጥ ስናካሂድ ነበር። ቀኑ ደረሰ፤ የቆየው ሁሉ ተቆለፈ። የአዲሱን ቤት ቁልፍ አሮጌው ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደ መውጣት ነው።

አሁን እህቴ ታማብኛለች፤ ላስታምማት እሄዳለሁ። መሄዴ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሰርቨሩን የምጠብቀው እኔ ብቻ መሆኔ ነው። ትናንት ሥራ አስኪያጃችን፣ "አንቺ ከሄድሽ የሚይዘው ከጠፋ፣ የቆየው መልእክት ቢዘጋም ወደ አሮጌው ቻት እንመለሳለን" አሉኝ። እሳቸውስ ምን ያድርጉ? ግን ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ አልያዝ ብሏል። አንዷ እንግዳ ተቀባይ ነገ እንደ እኔ ግራ ሲገባት፣ ምን አንብባ ትማራለች?

ስለዚህ ስጦታ ከምትሰጡኝ አንድ ሰው ስጡኝ። ማን ይረከበኛል?

ዳኛው፣ ጣሪያውን አትይ። ምን አልክ? ጮክ በል፣ ስክሪን ላይ ያሉትም ይስሙ። "እይዘዋለሁ፣ ግን ጥያቄ አበዛለሁ"? አብዛ። እኔስ በምን አደግኩ?

እንግዲህ ልቀመጥ። የጠየቃችሁት መልስ አይጣ፣ የሠራችሁት ተረካቢ አይጣ። ሰርቨሩ ቢወድቅ እናንተ አትውደቁ። ደህና ሁኑልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት። ንግግሩን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጪልን ስላላችሁኝ አስቀመጥኩት፤ ይህን ደግሞ ጨመርኩበት።

ዝናቡ ሌሊት ጥሎ አባርቷል። ፊቴን ሳልታጠብ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ለዳኛው የአስተዳዳሪነት መብት ሰጠሁ፣ የራሴን አነሳሁ። ሻንጣዬን ዘጋሁ፤ ቻርጀሩን ረስቼ መልሼ ከፈትኩ። ዳኛው በግል ጻፈልኝ። "እህቴ፣ መጠባበቂያ ቅጂው የት ነው የሚቀመጠው?"

መልሱን ግማሽ ድረስ ጽፌ አጠፋሁት። "ወንድሜ፣ ክፍሉ ውስጥ ጠይቀኝ" አልኩት።

ጠየቀ። እጆቼን ጉልበቶቼ መሃል ይዤ ጠበቅሁ። ከእንግዳ ተቀባዮቹ አንዷ፣ "ይህ አምና ተጠይቆ ነበር" ብላ የቆየውን መልስ አመጣችለት።

ላፕቶፑን ዘጋሁና ፊቴን ታጠብኩ።