የቀሩት ሁለት ክሪስታሎች

(አዲስ አበባ፣ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፤ ፕሮፌሰር አሰግድ ጽሑፉን ዛሬውኑ ለጆርናል ካልላክሁ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ተጥዷል፣ ሦስት ዓመት የለፋችበት ዶክትሬት በውሸት እንዳያልቅ የፈራችው ተማሪው ትርሲት ደግሞ የሜርኩሪ ብልቃጥ ይዛ ፊቱ ቆማለች።)

አሰግድ፦ ከፕሮቲኑ ሁለት ክሪስታል ነው የቀረን! እነሱንም መርዝ ውስጥ ልትዘፈዝፊልኝ ነው?

ትርሲት፦ አንዱን ብቻ፣ ፕሮፌሰር። እዚህ የሜርኩሪ መጠቀሚያ ፈቃድ ቅጽ ላይ ይፈርሙልኝ፤ ከዚያ አልነዘንዝዎትም።

አሰግድ፦ ወይ ጉድ! ስምንት ወር የፈጀብንን! አንቺ ልጅ፣ ሥራው አልቋል እኮ። ዋግ ስንዴውን የሚያጠቃበት ፕሮቲን ቅርጹ ተገኘ፣ ተጻፈ፣ በቃ።

ትርሲት፦ የተገኘው የሌላ ፈንገስ ፕሮቲን ቅርጽ ነው።

አሰግድ፦ ደሞ ጀመረሽ።

ትርሲት፦ ራጁ ክሪስታሉን ሲመታ የሰጠን ነጥቦች እያንዳንዱ ሞገድ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ነው የሚናገሩት። ከየት ላይ እንደተነሳ አይናገሩም። ያንን የጎደለውን እርስዎ ከውጭ በመጣ ሞዴል ሞሉት።

አሰግድ፦ ዓለም ሁሉ የሚሠራው እንደዚሁ ነው! የዘመድ ፕሮቲን ሞዴል ይወሰዳል። ይሄንን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል።

ትርሲት፦ ዘመድ ከሆነ ነዋ። መሆኑን ማን አጣራ?

አሰግድ፦ እኔ! ይሄ ሃያ ሁለት ዓመት የፕሮቲን ቅርጽ ካርታ ያነበበ ዓይን ነው። ጓንት በቅጡ ማጥለቅ የማትችል ልጅ ሜርኩሪ ተሸክማ ልታስተምረኝ!

ትርሲት፦ የሜርኩሪው አቶም ከባድ ነው። ክሪስታሉ ውስጥ ሲገባ ነጥቦቹ ይለወጣሉ፤ ከለውጡ የጎደለውን ራሳችን እናሰላዋለን። ከማንም ሳንቀዳ።

አሰግድ፦ ክሪስታሉ ይሰነጠቃል፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ ታለቅሻለሽ። ስሚ፤ ጽሑፉ ላይ ፈርሚ፣ ያለዚያ መመረቁን እርሺው።

ትርሲት፦ ትናንት ያሳየሁዎትን ካርታ ያስታውሳሉ?

አሰግድ፦ እንዴት አላስታውስ! ቁልጭ ያለ! በሕይወትሽ የሠራሽው ብቸኛ ደህና ነገር። የፕሮቲኑን ጥምዝ ሁሉ በጣቴ እየነካሁ አላሳየሁሽም?

ትርሲት፦ ነጥቦቹ የኛ ክሪስታል አልነበሩም።

አሰግድ፦ ምን?

ትርሲት፦ ተማሪዎች የሚለማመዱበት የዶሮ እንቁላል ፕሮቲን ነው። የእሱን ነጥቦች ከእርስዎ ሞዴል ሞገዶች ጋር አዳበልኳቸው። እርስዎም እንቁላል ውስጥ ዋግ አገኙ።

አሰግድ፦ ቀለድሽብኝ።

ትርሲት፦ ካርታው ያስገቡትን ሞዴል ነው መልሶ የሚያሳይዎት፣ የምንም ነጥብ ቢሰጡት። እርስዎ ሲያጨበጭቡ እኔ ነኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ያልኩት።

አሰግድ፦ ለማን ነገርሽ?

ትርሲት፦ ለማንም። ጽሑፉ ከተላከ ግን ለጆርናሉ እጽፋለሁ። ዶክትሬቱም ይቅርብኝ።

አሰግድ፦ እሺ... አምጪ ቅጹን። ሜርኩሪውንም ወዲህ በይው፤ ክሪስታሉን እኔው ራሴ እነክረዋለሁ።

ትርሲት፦ ጓንት አላጠለቁም። ይፈርሙና እዚያ ጋ ይቀመጡ።