የከብት ሐኪሟና የኮሚቴው ሽማግሌ

አጎት ቻምኖንግ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራ ፈትተው አያውቁም። የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው፤ በከተማው ሆስፒታልም የሕዝብ ተወካዮች ኮሚቴ አባል ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንኮክ ያለውን ልጃቸውን ሊጠይቁ የከተማቸው የትራንግ ባቡር ጣቢያ ቢደርሱ፣ ባቡሩ በዝናቡ ምክንያት ይዘገያል ተባለ። መቀመጫ ሲፈልጉ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ከአግዳሚው ላይ አንስታ ቦታ ለቀቀችላቸው። ልብ ብለው ቢያዩ የከብት ሐኪሟ ዋሪን ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ላማቸውን ያዳቀለችላቸው።

"ላሚቱ ደህና ናት አጎቴ?"

"ጥጃዋ እናቷን ልታክል ምንም አልቀራት። እጅሽ ይባረክ። አንቺስ ወዴት ነሽ?"

ልጅ ፈልጋ ባንኮክ ሐኪም ዘንድ እየተመላለሰች መሆኗን ነገረቻቸው። ሽማግሌው መረቋት። ወዲያው ግን፣ ሕክምናው እዚሁ እያለ ይህን ሁሉ መንገድ ምን አስኬደሽ ብለው ጠየቋት።

"እዚህ አይቀበሉንም። የትዳር ጓደኛዬ ሴት ናት፤ ኦራታይ ትባላለች። በሕግ ተጋብተናል። የሆስፒታሉ ደንብ ግን የሚያውቀው ባልና ሚስት ብቻ ነው አሉን።"

ደንቡ ይሻሻል ወይስ ይቆይ የሚለው ጉዳይ ለኮሚቴው ሲቀርብ "ይቆይ" ብለው እጃቸውን ካወጡት አንዱ አጎት ቻምኖንግ ነበሩ። መዋሸት ስለማይሆንላቸው ይህንኑ ነገሯት። ዋሪን ፊቷ ቀላ፤ ድምጿን ግን ከፍ አላደረገችም። ምክንያታቸውን ብቻ ጠየቀች።

"ልጄ፣ በእናንተ ላይ ክፋት የለኝም። ለሠርጋችሁ ብትጠሩኝ እመጣ ነበር። የልጅ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ልጅ አባት ያስፈልገዋል። ደግሞስ ሕክምና ለታመመ ሰው ነው። እናንተ ባል የላችሁም እንጂ አልታመማችሁም።"

"ባልየው ዘር የሌለው እንደሆነስ ሆስፒታሉ ምን ያደርጋል?"

"እሱን ሐኪሞቹ ያውቃሉ።"

"እኔ ልንገርዎት። ከለጋሽ በተገኘ ዘር ሚስትየዋን ይረዳታል። እሷ ጤነኛ ናት፤ ባልየውም በዚያ አይድንም። የጎደላቸው ዘር ነው። እኛንም የጎደለን እሱው ነው። እነሱ ሲገቡ እኛ ከበር የምንመለሰው ለምንድን ነው?"

ሽማግሌውን ትዝ ያለቻቸው የልጅ ልጃቸው ፕሎይ ናት። ልጃቸው ከዓመታት በፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ሚስቱ ያረገዘችው በለጋሽ ዘር መሆኑን ነግሯቸው ነበር። እሳቸውም "ስትገላገል ቶሎ አምጡልኝ" ብለውት ነገሩ በዚያው ቀረ። ፕሎይ ከተወለደች በኋላ ስለ ደሟ አንድም ቀን አስበው አያውቁም። ሰው በገዛ ቤቱ ያለ ክርክር የተቀበለውን ነገር፣ የጎረቤት ደጅ ላይ ሲያየው እንግዳ ይሆንበታል። አጎት ቻምኖንግንም ያጋጠማቸው ይኸው ነው።

ያም ሆኖ በቀላሉ አልተረቱም። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት እናት አለህ ተብሎ ቢሰደብስ አሏት።

"ይሰደብ ይሆናል። እኔም የሰካራም ልጅ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አባቴን ግን አትውለድ ብሎ የከለከለው ኮሚቴ አልነበረም።" ፈገግ አለች። "የእርስዎን ላም ሳዳቅል እኮ ባሏ የት አለ ብዬ አልጠየቅሁም።"

አጎት ቻምኖንግ ሳቃቸው አመለጣቸው። ሳቁ ሲበርድ ብቻዋን የምትሄድበትን ምክንያት ጠየቋት። ኦራታይ አስተማሪ ናት፤ በየጊዜው ፈቃድ አይሰጧትም።

"ባለፈው ፅንሱ አልያዘም ሲሉኝ አጠገቤ ማንም አልነበረም" አለች ዋሪን። "ዕድሜዬ ደግሞ ኮሚቴ እስኪወስን ቆሞ አይጠብቀኝም።"

ባቡሩ መጣና ወደየፉርጎአቸው ገቡ። ሽማግሌው ባንኮክ እስኪደርሱ የያዙትን መጽሔት አልገለጡም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ የጠየቁት አጎት ቻምኖንግ ናቸው። የልጃቸውን ምስጢር አላወጡም፤ የእሳቸው አይደለምና። የዋሪንን ጥያቄ ግን እንዳለ በስብሰባው ላይ ለነበረው የሆስፒታሉ ሐኪም አቀረቡለት፤ ሐኪሙም በባልና ሚስቱና በሁለቱ ሴቶች መካከል በሕክምና በኩል ልዩነት እንደሌለ መሰከረ። "ባለፈው ተሳስቻለሁ" አሉ ሽማግሌው፤ "ያልታመመ አይታከም አልኩ፤ ዘር ለሌለው ወንድ ሚስት ግን ይህን አላልኩም።" ክርክሩ ረዘም አለ። ሁለት አባላት እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ ይሁንና የሚበዙት ደግፈው ደንቡ "ባለትዳሮች" በሚል ተስተካከለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቀለለ። ሩቅ አገር መመላለስ አቅቷቸው ከማያውቁት ሰው ጋር በስልክ ተቀጣጥረው ዘር ይቀበሉ የነበሩ ሴቶች፣ በሽታ መኖር አለመኖሩ በተመረመረ ዘር መታከም ጀመሩ። ከልጁ መምጣት በፊትም ሁለቱም እናቶች ኃላፊነቱን በፊርማቸው ይወስዳሉ። ባልና ሚስቶቹ ያጡት ነገር የለም፤ ተራቸውም እንደ ቀድሞው ነው።

ዋሪንና ኦራታይ በትራንግ ሆስፒታል የመጀመሪያ ሙከራቸው አልያዘም። ኦራታይ የሚስቷን እጅ ይዛ አለቀሰች። ሐኪሙም ይህ በብዙዎች ላይ እንደሚደርስ አስረድቶ፣ ጥቂት አርፈው ተመልሰው እንዲመጡ ነገራቸው። ከእነሱ በፊት ገብተው ለወጡት ባልና ሚስት የነገራቸውም ይህንኑ ነበር።