እንቁላል መጣል ያቆሙት ዶሮዎች

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ዶሮዎች የያዘ ቅርጫት ያቀፈች አንዲት ወጣት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አንዲት አሮጊት አሉ።

"ልትሸጫቸው ነው፣ ልጄ?"

"አዎ እማማ። እንቁላል መጣል አቆሙ።"

"ታመው ነው?"

"ታመው ድነዋል። መድኃኒቱ የሆዳቸውን ጥሩ ባክቴሪያ ገድሎታልና ይህን ዱቄት በውሃ ስጫቸው አለኝ የእንስሳት ሐኪሙ። ብሰጣቸውም ለውጥ የለም።"

"ምንድን ነው ዱቄቱ?"

"እሱም ባክቴሪያ ነው። ሕይወት አለው፣ እንደ እርሾ ነው አለኝ።"

"በምን ውሃ በጠበጥሽው?"

"ንጹሕ እንዲሆን አፍልቼ፣ በትኩሱ። ሲበርድ ሰጠኋቸው።"

"እርሾ በፈላ ውሃ ይበጠበጣል? ሊጥ አቡክተሽ አታውቂም?"

ወጣቷ ከቦርሳዋ የዱቄቱን ፓኬት አወጣችና ነቅነቅ አደረገችው።

"ግማሹ አለ።"

"ታዲያ ሞጣ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?"

"ወራጅ አለ" አለች ወጣቷ።

ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል መጀመራቸውን እንድትነግረኝ ስልክ ቁጥሯን ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ እሷ ወርዳ መኪናው ተንቀሳቅሶ ነበር።